አድራሻ የሌለው ንግድ

በስድስት ኪሎ ምግብ በጋሪና በመደብ ስለሚሸጡ ሰዎች የንግድ ፈቃድ

በአንድ የመደብር ጸሐፊ

ማንኛውም ሰው ንግድ ለመጀመር ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ገንዘቡና ስለ ዕቃው ነው። ገንዘብ ካለኝ ዕቃ እገዛለሁ፤ ዕቃ ካለኝም ገዢ አላጣም ይላል። ስለሚቆምበት ቦታ የሚያስበው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻ ነው። የሀገራችን የንግድ ሕግ ደግሞ ነገሩን በሌላ ዓይን ይመለከተዋል። በሕጉ ዘንድ ነጋዴ ማለት በታወቀ ስም፣ በታወቀ የሥራ ዓይነትና በታወቀ ቦታ የሚገኝ ሰው ነው። ከሦስቱ አንዱ የጐደለበት ሰው ከንጋት እስከ ማታ ቢሠራም በመዝገብ ላይ የለም።

ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ያነሣሣኝ በምሠራበት የጅምላ መደብር የደረሰ አንድ ነገር ነው። ነገሩ የአንዲት ሴት ጉዳይ ብቻ ቢመስልም ዘይትና ስኳር ከሚያስመጣው አንሥቶ እስከ ሰፈር ባለ ሱቅ ድረስ ሁላችንን የሚነካ ስለ ሆነ፣ ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን መንገሩ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በስድስት ኪሎ የሚበላው ሰው

ስድስት ኪሎን የማያውቅ የአዲስ አበባ ነጋዴ የለም። በአደባባዩ መካከል በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግፍ ላለቁት ሰማዕታት የቆመው ሐውልት አለ። በአቅራቢያው የካቲት 12 ሆስፒታልና አንበሳ ግቢ ይገኛሉ። ቀድሞ ቤተ መንግሥት የነበረው ገነተ ልዑልም በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ከተሰጠ ወዲህ ግቢው የተማሪዎች መኖሪያና መማሪያ ሆኖአል።

እንግዲህ በዚህ አደባባይ ሦስት ዓይነት ተመጋቢ ይመላለሳል። አንደኛው ተማሪው፣ ሁለተኛው በሽተኛ ሊጠይቅ ወይም ሊያስታምም የመጣው ዘመድ፣ ሦስተኛው አንበሶቹን ለማየት ልጆቹን ይዞ የሚመጣው ጐብኚ ነው። ሦስቱም ጊዜያቸው አጭር፣ ገንዘባቸውም ልክ ያለው ነው። ለእነዚህ ሰዎች ሳምቡሳውን፣ ቦምቦሊኖውን፣ የሚያቃጥለውን ሻይና እርጥቡን የሚያቀርበው ትልቁ ምግብ ቤት ሳይሆን ትንሹ ሻጭ ነው። እርጥብ የተባለውን ያልቀመሰ አንባቢ ቢኖር፣ ዳቦ ለሁለት ተሰንጥቆ በመካከሉ የተጠበሰ ድንች፣ ስልስና ቃሪያ የሚገባበት ምግብ ነው። ብዙ ተማሪ ምሳውን የሚያልፈው በእርሱ ነው።

አንድ እርጥብ ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ዘይቱ ከውጭ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ዳቦው ከዱቄት ፋብሪካና ከመጋገሪያ ቤት ይመጣል፤ ድንቹም ከአትክልት ተራ ይገዛል። ስለዚህ በጋሪ ላይ የሚሸጠው ምግብ ከአስመጪው መጋዘን የተነሣው ዕቃ የሚደርስበት የመጨረሻው ጫፍ ነው። ጫፉ ሲቆረጥ ክሩ ወደ ኋላ መላላቱ አይቀርም።

የደንበኛችን ነገር

ደንበኛችን በሠላሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ አሠርተው፣ ዣንጥላ ተክለውባት፣ አንድ የጋዝ ምድጃና ሁለት መጥበሻ ጭነው በዩኒቨርሲቲው አጥር አቅራቢያ እርጥብና ሻይ ይሸጡ ነበር። ከመደብራችን በየሳምንቱ ዘይት፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል በዱቤ ይወስዳሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይከፍላሉ። በአሥራ አራት ወር ውስጥ አንዲት ቅዳሜ እንኳ አላሳለፉም። የዱቤውን መዝገብ የምጽፈው እኔ ስለ ሆንሁ ይህን በእርግጥ አውቃለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጧት ግን ባዶ እጃቸውን መጡ። ጋሪዋ፣ ምድጃውና የጋዙ ሲሊንደር በቁጥጥር ሠራተኞች ተወስደዋል። በመንገድ ዳር ያለ ፈቃድ መሸጥ ክልክል መሆኑ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተነግሮአቸው ነበር፤ ይህንንም አልደበቁም። በመዝገባችን ላይ የነበረባቸው ዕዳ 14,600 ብር ነው።

«ጋሼ፤ ዕዳዬን አልክድም። ነገር ግን የምከፍለው ከጋሪዋ ነበር» አሉኝ።

አሠሪዬ በንግድ ያረጁ ሰው ናቸው። መዝገቡን አስመጥተው ገጹን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ሴትዮዋ ታማኝ ናት፤ የቆመችበት መሬት ግን የእርሷ አልነበረም። እኛም ዱቤ የሰጠነው ለሴትዮዋ መስሎን ለመሬቱ ነበር» አሉ። ጥቂት ዝም ብለውም፣ «አብረሃት ሂድ። ፈቃድ የምታወጣበት መንገድ ካለ እይ። ከሌለ ዕዳውን ሰርዘው፤ ከእንግዲህ ግን ለጋሪ ዱቤ የለም» ብለው አዘዙኝ።

ይህ ትእዛዝ ለእኔ ቀላል አልነበረም። በመደብራችን መዝገብ ላይ እንደ እርሳቸው ያሉ ሌሎች አሥራ አንድ ደንበኞች አሉ። የአንዲቱ መንገድ ከተዘጋ የአሥራ አንዱም ዱቤ በዚያው ሳምንት እንደሚዘጋ አውቄአለሁ።

ሕጉ የመጣበት መንገድ

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ሕጉ እንዴት እንደ ደረሰልን በአጭሩ መናገር ይገባል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ገበያ የከተማይቱ ዋና ገበያ ነበር። ንግዱንና ቀረጡን የሚያስተዳድረው ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይን ሥራ የያዙት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበሩ። በኋላም በኢጣልያ ወረራ ዘመን የሀገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ተዛወረ። እንግዲህ ገበያ በባለ ሥልጣን ትእዛዝ ከቦታ ቦታ ሲዛወር የዛሬው የመጀመሪያው አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ የሚባለው ማን እንደ ሆነ ዘርዝሮ ነጋዴው በመዝገብ እንዲገባ አዘዘ። ይህ ሕግ ከስድሳ ዓመት በኋላ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቶአል። ስለ ምዝገባና ስለ ፈቃድ ደግሞ ልዩ ልዩ አዋጆች ተከታትለው ወጥተዋል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 686 ያለ ፈቃድ የነገደን ሰው ከ7 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራትና ከ150,000 እስከ 300,000 ብር በሚደርስ መቀጫ እንዲቀጣ ይደነግግ ነበር። ያ አዋጅ በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 980 ተተክቶአል፤ እርሱም በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1150 ተሻሽሎአል።

እንዲህ ያለውን ከባድ ቅጣት ያነበበ ሰው በየመንገዱ ዳር ያለ ፈቃድ የሚሸጥ አንድም ሰው አይገኝም ይል ይሆናል። ሆኖም ግን ቅጣቱ የሻጮቹን ቁጥር አላጠፋውም። ምክንያቱም ያለ ፈቃድ የሚነግደው ሰው ሁሉ ሕግን የናቀ አይደለም። ከእነርሱ መካከል ፈቃዱን እንዳያወጣ አንድ ነገር የጐደለው ብዙ ነው። ያም የጐደለው ነገር ምን እንደ ሆነ ከደንበኛችን ጋር በዞርሁባቸው ቀኖች በግልጥ አየሁት።

ሃያ ስድስት ቀን

መጀመሪያ በሄድንበት ጽሕፈት ቤት ያገኘነው ወጣት ሠራተኛ በትሕትና ተቀበለን። የሥራውን ዓይነት ጠየቀ፤ ነገርነው። ቀጥሎ «የት?» አለ።

ደንበኛችን፣ «ከዩኒቨርሲቲው አጥር አጠገብ» ብለው መለሱ።

«ያ መንገድ ነው፤ አድራሻ አይደለም» አለን።

በዚህ በአንድ ቃል ጉዳዩ ሁሉ ተገለጠልኝ። የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው በአንድ ሰው ስም፣ ለአንድ የሥራ ዓይነት፣ በአንድ አድራሻ ነው። የምስክር ወረቀቱም ሕዝብ በሚያየው ቦታ እንዲሰቀል ታዝዞአል። ጋሪ ግን ግድግዳ የለውም፤ ጧት እዚህ፣ ማታ እዚያ ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ ፈቃድ የተከለከሉት ምግባቸው ስላልጣመ ወይም እጃቸው ስላልጸዳ አልነበረም። ቅጹ ላይ የሚጻፍ የቤት ቁጥር ስላልነበራቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ቤት ፍለጋ ገባን። በመጀመሪያ አንድ የሚያውቋቸው ሰው የቤታቸውን የፊት ክፍል በወር 3,000 ብር ሊያከራዩን ተስማሙና የአንድ ወር ተከፈላቸው። ውሉን ይዘን ስንሄድ ግን ቤቱ የቀበሌ ቤት ሆኖ ተገኘ። የቀበሌ ቤት የመንግሥት ስለ ሆነ ተከራዩ መልሶ ለሌላ ሊያከራየው አይችልም። ከተከፈለው ገንዘብ የተመለሰው 1,500 ብር ብቻ ነው። ቤት ከመከራየት በፊት የባለቤትነቱን ደብተር ማየት እንደሚገባ የተማርነው በዚህ ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ቤት የግል ነበር። ከአደባባዩ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ በአንድ ግቢ በር አጠገብ ያለች፣ ወርዷ ሁለት ሜትር፣ ርዝመቷ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነች ክፍል ነች። አከራዩ መጀመሪያ በወር 4,500 ብር አሉ። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት መጽደቅ እንዳለበት ስንነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ውል ሲጸድቅ የኪራዩ ገቢ ይታወቃል፤ ገቢው ሲታወቅ ግብሩ ይመጣል። በመጨረሻ በ5,500 ብር፣ የሦስት ወር ቅድሚያ ተከፍሎአቸው ተስማሙ። ስለዚህ የአከራዩን ግብር የከፈለችው እርጥብ ሻጯ ናት ማለት ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበል። ትንሹ ነጋዴ ሕጋዊ ለመሆን ሲነሣ ሌላ ሰውን አብሮ ሕጋዊ ማድረግ አለበት፤ ወጪውም በእርሱ ላይ ይወድቃል።

አድራሻ ከተገኘ በኋላ የቀረው መንገድ በተራው ሄደ። የጣት አሻራ ተሰጥቶ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ወጣ። ቀጥሎ የንግድ ምዝገባ ተደረገ። ምዝገባ አንድ ጊዜ የሚደረግ ሲሆን ፈቃድ ግን ለእያንዳንዱ የሥራ ዓይነት የሚሰጥና በየጊዜው የሚታደስ መሆኑን ብዙ ሰው አይለይም። ምዝገባ ያለው ሰው ፈቃድ ያለው መስሎት ሥራ ቢጀምር ይሳሳታል።

ከዚያም የጤና ባለሙያዋ ክፍሏን ለማየት መጡ። የሚታጠብ ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ የሚወርድ ውኃ ያለው መታጠቢያ፣ የቆሻሻ ውኃ መውጫ፣ ክዳን ያለው የምግብ ማስቀመጫና የመጸዳጃ ቤት ጠየቁ። ምግብ አቅራቢዋም በሐኪም ተመርምረው ነጻ መሆናቸውን የሚያስረዳ ወረቀት እንዲያቀርቡ አዘዙ። መታጠቢያውና ቀለሙ 4,800 ብር ፈጀ። እኔ በግሌ ይህን ወጪ አልጸጸትበትም። ተማሪም ሆነ አስታማሚ ንጹሕ ምግብ መብላት ይገባዋል፤ ሆድ የሚያሳምም ምግብ ርካሽ አይደለም።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ፈቃዱ ወጣ። ሒሳቡን ስደምረው ለመንግሥት የተከፈለው ከወጪው ሁሉ ትንሹ ነበር። ትልቁ የቤት ኪራይ ነው። የሦስቱን ወር ኪራይ 16,500 ብር ያበደሩት አሠሪዬ ናቸው። ስለዚህ 14,600 የነበረው ዕዳ 31,100 ብር ሆነ። ያን ቀን መዝገቡን ስጽፍ እጄ ጥቂት ከብዶኛል።

በጎማ ላይ ስለ ተሠራው ምግብ ቤት

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በቦሌና በሌሎችም ሰፈሮች የኋላ ክፍላቸው ወደ ማእድ ቤት የተለወጠ መኪናዎች ምግብ ሲሸጡ እናያለን። ባለቤቶቻቸው አብዛኛውን ጊዜ የተማሩ ወጣቶች ናቸው። መኪናው ሰሌዳና ዓመታዊ ምርመራ ስላለው ሥራውም በዚያው የተፈቀደ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን ሰሌዳው ስለ መኪናው እንጂ ስለ ምግቡ አይናገርም። ምግቡ የጤና ምስክር ይፈልጋል፤ ንግዱ ፈቃድ ይፈልጋል፤ የሚቆምበት ቦታም የራሱን ፈቃድ ይፈልጋል። ብዙ መቶ ሺህ ብር አውጥቶ መኪና ከመግዛትና ከማሠራት በፊት «የት እቆማለሁ?» የሚለውን ጥያቄ በጽሑፍ ማስመለስ ብልኅነት ነው። ደንበኛችን በጋሪ የከሰሩትን በመኪና የሚከስር ሰው ኪሣራው ብዙ እጥፍ ነውና።

ከተማችን ያየቻቸው መፍትሔዎች

ለትንሹ ነጋዴ አድራሻ መስጠት እንግዳ ነገር አይደለም። አቶ አርከበ ዕቁባይ የአዲስ አበባ ከንቲባ በነበሩበት ዘመን፣ ከ1995 እስከ 1998 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በየመንገዱ ዳር ትንንሽ ሱቆች ተሠርተው ሥራ ላልነበራቸው ወጣቶች ተሰጥተው ነበር። ሕዝቡም እስከ ዛሬ «የአርከበ ሱቅ» ይላቸዋል። ሱቆቹ ጠባብ ነበሩ፤ ነገር ግን ቁጥር ነበራቸው። ቁጥር ያለው ሱቅ ፈቃድ ያወጣል፤ ፈቃድ ያለውም ሰው ዱቤ ያገኛል።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው የቅዳሜና የእሑድ ገበያ ደግሞ ሌላ ነገር አስተምሮናል። አንድ ቦታ በሳምንቱ ውስጥ ለሌላ አገልግሎት ውሎ በተወሰነ ቀን ገበያ ሊሆን ይችላል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የፒያሳው አትክልት ተራ ለስድስት ኪሎ ጎረቤት ወደ ሆነው ወደ ጃን ሜዳ በተዛወረ ጊዜም ይህንኑ አይተናል። ሜዳው በአጭር ጊዜ ገበያ ሆነ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የጥምቀት በዓል ሳይደርስ ገበያው ከዚያ ተነሣ። ከዚህ የምንማረው ቦታን በጊዜ ከፍሎ መጠቀም የሚቻል መሆኑን ነው።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራት ኪሎ የተጀመረው የኮሪደር ልማት መንገዱንና የእግረኛውን መሄጃ አስፍቶ አስውቦአል። በዚያው አንጻር አያሌ ትንንሽ ሱቆች ከቦታቸው ተነሥተዋል። ሰፊው የእግረኛ መሄጃ ብዙ ሰው ያመላልሳል፤ ብዙ ሰው ባለበትም ረኃብና ጥማት አለ። ስለዚህ ጥያቄው ሻጭ ይኑር ወይስ አይኑር የሚል አይደለም። ሻጭ መምጣቱ አይቀርም። ጥያቄው በቁጥር ይምጣ ወይስ በሩጫ የሚል ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ሲንጋፖር በ1968 እና በ1969 እ.ኤ.አ. በደሴቷ ያሉትን የመንገድ ሻጮች መዝግባ ነበር፤ ቁጥራቸውም 18,000 ያህል ሆኖ ተገኘ። መንግሥቱ ካስመዘገባቸው በኋላ ውኃና የቆሻሻ መውጫ ያላቸው የምግብ ማዕከሎች እየሠራ ከ1971 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ሻጮቹን ወደ እነዚያ አስገባ። መጀመሪያ መዘገበ፤ ቀጥሎ ቦታ ሠራ፤ በመጨረሻ ከመንገድ አነሣ። ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ይገባል። ይህ የአመጋገብ ባህሏ በ2020 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ሊገባ በቅቶአል።

ኒው ዮርክ በተቃራኒው ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምግብ ጋሪ ፈቃዶችን ቁጥር በ3,000 ገደማ ወሰነች። የሻጩ ቁጥር እየጨመረ ፈቃዱ ስላልጨመረ፣ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ወረቀቱን ለሌላ በድብቅ ማከራየት ጀመሩ። በጥቂት መቶ ዶላር የተገኘ ወረቀት ከ20,000 ዶላር በላይ ተከራየ። ከተማይቱ አዲስ ፈቃዶች በየዓመቱ እንዲጨመሩ ሕግ ያወጣችው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛም አገር ፈቃድን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ የተከለከለ ሲሆን፣ ቦታ ሲጠብ ወረቀት መከራየቱ እንዳይመጣ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ምግብ የሚሸጡ መኪናዎች ሰው በሚበዛባቸው ቦታዎች በየወሩ በሚወጣ ዕጣ እንዲቆሙ ወሰነ። የዚህ ወር ባለ ዕጣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ስፍራ ሊደርሰው ይችላል። አድራሻው የሚለዋወጥ ቢሆንም አድራሻ ግን አለው።

ለነጋዴዎች ምን ያገባቸዋል

ቋሚ ሱቅ ያለው ሰው በጋሪ ሻጩ ላይ የሚያቀርበው ቅሬታ እውነት አለበት። «እኔ ኪራይ እከፍላለሁ፣ ግብር እከፍላለሁ፤ እርሱ በደጄ ቆሞ ገዢዬን ይወስዳል» የሚል ባለ ሱቅ ሐሰት አልተናገረም። ነገር ግን የቅሬታው መድኃኒት ሻጩን በየሳምንቱ ማባረር ሳይሆን እርሱም በመዝገብ ገብቶ እንደ አቅሙ እንዲከፍል ማድረግ ነው። የተባረረው ሻጭ በማግስቱ ይመለሳል፤ የተመዘገበው ግን ድርሻውን ይከፍላል።

የጅምላ ነጋዴውም ከእኛ መደብር ስሕተት ሊማር ይችላል። እኛ አሥራ አራት ወር ሙሉ ደንበኛችን መክፈላቸውን ስናይ የሚከፍሉበትን መሠረት አልጠየቅንም። ዛሬ ግን ማንኛውም አዲስ ደንበኛ ዱቤ ሲጠይቅ የፈቃዱን ቅጂ እንጠይቃለን። ፈቃድ ለሌለው እምቢ አንልም፤ ነገር ግን ዱቤውን ከአንድ ሳምንት ፍጆታ አናሳልፍም፤ የፈቃዱንም መንገድ እንነግረዋለን።

ፈቃድ ገበያ እንደሚያመጣም መዘንጋት አይገባም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለማያቀርብ ሻጭ ከሚከፈለው ገንዘብ ከመቶ 30 ተቀንሶ እንዲያዝ ደንግጎ ነበር። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ቁጥርና ደረሰኝ ከሌለው ሰው መግዛት ይፈራሉ። የግብር ከፋዮች ደረጃ በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ስለ ተለወጠ፣ እያንዳንዱ ነጋዴ የትኛው ደረጃ እንደሚመለከተው ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ሲገባ ደግሞ ግብርን መክፈልና ፈቃድን በጊዜው ማሳደስ አይዘንጋ፤ ያለፈበት ፈቃድ እንደሌለ ይቆጠራልና።

በእኔ አስተያየት ምክር ቤታችን ሦስት ነገሮችን ለሚመለከተው ክፍል ቢያቀርብ መልካም ነው። አንደኛ፣ እንደ ስድስት ኪሎ ባሉ ሰው በሚበዛባቸው ስፍራዎች ለእግረኛ ሳይጠቡ ቁጥር የተሰጣቸውና ሰዓት የተወሰነላቸው መቆሚያዎች ቢለዩ፤ ያም ቁጥር በፈቃድ ቅጹ ላይ እንደ አድራሻ ቢቆጠር። ሁለተኛ፣ የጤናው ምርመራ ጋሪውንና መኪናውን ራሱን፣ የውኃ መያዣውንና የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ጭምር እንዲመለከት ቢደረግ። ሦስተኛ፣ ፈቃድ ፈላጊ ይዞት የሚመጣው ወረቀት ሁሉ በአንድ ገጽ ተዘርዝሮ በየወረዳው ደጃፍ ቢለጠፍ። እኛ ከሃያ ስድስቱ ቀን ቢያንስ ዘጠኙን ያጠፋነው የሚጐድለንን ወረቀት አንድ በአንድ እየተነገረን ስንመላለስ ነው።

የመዝገቡ መጨረሻ

ደንበኛችን ወደ ክፍላቸው ከገቡ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ሽያጫቸው ከጋሪው ዘመን በግማሽ ያህል ወረደ። ተማሪው በአጥሩ ሥር ያገኛቸው የነበሩትን ሴት በሰርጡ መንገድ ፈልጎ አላገኛቸውም። ሁለት ቅዳሜዎችም ሳይከፍሉ አለፉ። አሠሪዬ ዝም አሉ፤ እኔም መዝገቡን በገለጥሁ ቁጥር ተጨነቅሁ።

በሦስተኛው ወር በአቅራቢያው ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለስብሰባ ሻይና ሳምቡሳ ፈለገ። ደረሰኝ የሚሰጥ ሰው ሲያፈላልግ እርሳቸውን አገኘ። ከዚያ ወዲህ በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ ያዝዛል። ተማሪዎቹም ጥቂት በጥቂት መንገዱን ለመዱት። ጋሪዋ መቀጫዋ ተከፍሎ ተመልሳለች፤ ዛሬ በክፍሏ ጥግ የብርጭቆ መደርደሪያ ሆናለች።

ይህን ስጽፍ ከ31,100 ብር የቀረባቸው 19,400 ነው። ሁሉም ነገር ተቃንቶአል ለማለት ጊዜው ገና ነው። አከራዩ ዓመቱ ሲሞላ ኪራይ እጨምራለሁ ብለዋል፤ ያን ጊዜ የሚሆነውን አብረን እናያለን። ነገር ግን ደንበኛችን ባለፈው ቅዳሜ ሊከፍሉ መጥተው ደረሰኛቸውን ሲቀበሉ፣ «ጋሼ፤ አሁን እንኳ ዕዳ ቢኖርብኝ ሰው የት ብሎ እንደሚፈልገኝ ያውቃል» አሉኝ።

ቃላቸውን ለአሠሪዬ ነገርኋቸው። እርሳቸውም መዝገቡን ዘግተው፣ ከቀሩት አሥራ አንድ ደንበኞች መካከል ቀጥሎ ፈቃድ ሊያወጣ የሚችለው ማን እንደ ሆነ ጠየቁኝ። በማግስቱ ጧት ስማቸውን በተራ ጽፌ፣ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ «አድራሻ» የሚል ባዶ ቦታ ትቼ አቀረብሁላቸው።